ስሟን ለዘንዶ የሰጠችው ናርዳ

ፀሐይ ጠቁራ በወጣችበት ማለዳ፣ በዛምሬል መንግሥት፣ በኦርዳ ግዛት ሸንጎ ጣሪያ ላይ የነበረው የነሐስ ወፍ ተሰረቀ።

ወፉ የአባቶች ሕግ ነበር። የአገረ ገዢው ዘመን በተፈጸመ ቁጥር «አንዴ የገዛ ዳግም አይመረጥ!» ብሎ ሲጮኽ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ከየሸለቆውም ተወዳዳሪ ይነሣል። አሁን ግን አገረ ገዢው ወፉን አሰርቆ በተራራ ዋሻ ለሚኖር ዘንዶ አደራ ስለሰጠው ጩኸቱ ጠፋ። አገረ ገዢው ሾንካር ከወንበሩ ሳይወርድ ለምርጫ ቀረበ። ጦሩም ዳኛውም በእጁ ነውና ማን ይግጠመው? የትናንት ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ደጅ ጠኚዎቹ ሆኑ።

«እኔ እወዳደረዋለሁ» ያለችው ናርዳ ብቻ ነበረች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አገሯን መምራት የምትመኝ ወጣት። በአደባባይ ስትናገር ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ሰማት፤ ስትጨርስ ግን አሳድጎ ሰይፍ ካስተማራት ከሽማግሌው ወታደር ከቤልጎር በቀር አጠገቧ ማንም አልቀረም።

«አባባ፣ ያለ ወፉ ሾንካርን መወዳደር ከጎርፍ ጋር መታገል ነው። ላመጣው እሄዳለሁ።»

«ከዘንዶው ከኡምቡላ ዋሻ? የሾንካርን አደራ በዋዛ አይለቅም።»

«ሰማይና ምድር ይስሙኝ! ሳልይዘው አልመለስም።»

ጭጋግ የዋጠውን ተራራ አብረው ወጡ። ዋሻው ደጃፍ ላይ ቋጥኝ ተንዶ የቤልጎርን እግር ሰበረው። ናርዳ ብቻዋን ገባች።

ሰይፏ በዘንዶው ቅርፊት ላይ ተሰበረ። ኡምቡላ ግን አልነካትም።

«ሕግ በሰይፍ አይወሰድም» አላት። «ወፉን የሚወስድ ስሙን ይተውልኛል። ከሰው ልብ ሁሉ ትጠፊያለሽ፤ የማይታወቅን ደግሞ ማንም አይመርጥም።»

ከውጭ የቤልጎር ሲቃ ይሰማል።

«እሱም ይረሳኛል?»

«እሱም።»

የተሰበረውን ሰይፏን መሬት ላይ አኖረች። ከዚያ «ውሰደው» አለች።

ወፉ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ኦርዳ በረረ። ናርዳ ወጥታ ሽማግሌውን ስትደግፈው ትኩር ብሎ አያት።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እመቤቴ። የማን ልጅ ልበል?»

በጀርባዋ አዝላው ወረደች።

ኦርዳ ሲደርሱ ወፉ ከጣሪያው ላይ እየጮኸ ነበር። የሾንካር ጭፍሮች ጦራቸውን ጥለዋል፤ ሾንካርም ከወንበሩ ወርዷል። አደባባዩ በተወዳዳሪዎች ተሞልቶ አንዱ ሲናገር ሌላው ያቋርጠዋል፤ ሕዝቡ ይሞግታል፣ ይስቃል፣ ያፏጫል።

ናርዳ ቤልጎርን ለወጌሻ አስረክባ ተመለሰች። ከሰዉ ዳር ቆማ፣ የሚያውቃት አንድም ፊት ሳታገኝ፣ ሁሉንም በየተራ አዳመጠቻቸው።