ሱሀይራና የዛፍ ቆራጩ ሄልሜት

ሱሀይራ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ድሬዳዋ፣ አሸዋማው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። እናቷ ናስራ ቀኑን ሙሉ «እጅሽን ሰብስቢ» ስትላት ትውላለች። እጇ ግን አይሰበሰብም። የእናንተስ እጅ፣ ልጆች?

ጓሯቸው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበረ። ጎርፍ ሥሩን ቦረቦረውና ወደ ጎረቤታቸው፣ አክስት እንደማለት «ኤዶ» ወደሚሏቸው ወደ ኤዶ ኹርሲ ጣሪያ ዘመመ። ዱዓሌ የሚባል ዛፍ ቆራጭ የሞተር መጋዙን ይዞ መጣ። ዛፉን በገመድ ወደ ደቻቱ አሸዋ ወጠረው። ሄልሜቱ ብርቱካናማ ነው። ፊት ለፊቱ ወንፊት አለው። ጩኸት እንዳይገባ ደግሞ የጆሮ መሸፈኛ አለው።

ቀትር ላይ ፀሐዩ በረታ። ሁሉም በልተው ጋደም አሉ። ሄልሜቱ ደጃፍ ላይ ቀረ።

«አንዴ ብቻ» አለ የሱሀይራ ልብ። ልጆች፣ ይህን «አንዴ ብቻ» ታውቁታላችሁ አይደል?

አጠለቀችው። ልታወልቀው ስትል ማሰሪያው ከሹሩባዋ ጋር ተተበተበ። ስትጎትተው ባሰ። ደነገጠችና አልጋ ሥር ገባች።

ሰዉ ተነሳ። ዱዓሌ ሄልሜቱን ፈለገ። ጀሪካኖቹ ኋላ የለም። ፍየሎቹ ጋ የለም። ናስራ ሱሀይራን ጠራች፣ ደጋግማ ጠራች። ጆሮዋ ተደፍኖ እንዴት ትስማ?

«አቦ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ቁረጠው» አለ የናስራ ወንድም ሰማታር።

«ያለ ሄልሜት መጋዝ አላስነሳም።»

«ራስን የሚጠብቅ አላህ ነው።»

«ይህን ራስ የሰጠኝም እሱ ነው። አደራ ነው» አለና ዱዓሌ ፍለጋውን ወደ ውጭ ቀጠለ።

ሰማታር መጋዙን አንስቶ ዛፉ ሥር ቆመ። «ይኼ ምን ያቅታል? እኔ እቆርጠዋለሁ።»

«አንተ ዳቦ እንኳ አጣመህ ነው የምትቆርጠው» አሉት ኤዶ ኹርሲ።

«ወንድሜ፣ ተው፣ ቅርንጫፍ ራስህን ይመታሃል» አለች ናስራ።

አልጋ ሥር ሙቀቱ አላስችል ብሏት ሱሀይራ አንዱን ጆሮዋን ገለጥ አድርጋ ነበር። የእናቷን ቃል ሰማች። ብትወጣ ቁጣ አለ። ባትወጣ የአጎቷ ራስ አለ። ወጣች፣ እየሮጠች።

«አብቲ፣ አጎቴ፣ ቁም፣ ሄልሜቱን እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ሰማታር ዞር ሲል ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ብርቱካናማ ራስ ያለው አጭር ነገር እየሮጠ ይመጣበታል። «ጂን» አለ። መጋዙን ትቶ እስከ በሩ ሮጠ። በሩ ላይ ከዱዓሌ ጋር ተላተመ።

ኤዶ ኹርሲ የሰሊጥ ዘይት አምጥተው ሹሩባዋን አሹላት። ሄልሜቱ ሙልጭ ብሎ ወጣ።

«ለምን ሳትጠይቂኝ?» አለ ዱዓሌ።

«አይሆንም ትለኛለህ ብዬ።»

«አዎ፣ እልሽ ነበር።»

ሱሀይራ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች። ዱዓሌ ይቅር አላት።

ከዚያ ሁሉንም ከነፍየሎቹ የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል አራቃቸው። በቅባት የወዛውን ሄልሜት አጠለቀ። መጀመሪያ በሚወድቅበት በኩል ቦረቦረ፣ ከዚያ በስተኋላ ቆረጠ። ዛፉ አቃሰተና አሸዋው ላይ ተዘረረ። ሲወድቅ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ከላይ ተገንጥሎ የዱዓሌን ሄልሜት ጓ አደረገው። ዱዓሌ ተንገዳገደና ቀና አለ። ምንም አልሆነም።

ሰማታር ባዶ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ብዙ ቆይቶም አልለቀቀውም። ሱሀይራ ሄዳ ወገቡን አቀፈችው።

ልጆች፣ ያልተፈቀደልንን አንንካ፤ ከነካን ግን ቶሎ እንናገር፣ ዝምታችን የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላልና።