አምስት ዓመት የተጠበቀው ክሪስታል

ተመራማሪዋ በላቦራቶሪው ቀዝቃዛ ክፍል ወለል ላይ ሞታ ተገኘች። አጠገቧ የፈሳሽ ናይትሮጅን ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። ኢንስፔክተሩን ባልደረቦቹ «መርፌ» ይሉታል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና።

«አየሩ ይውጣ፤ በሩ ክፍት ይቁም» ብሎ አዘዘ።

የአየር መሳቢያው ማብሪያ ከበሩ ውጭ ነው፤ ጠፍቷል። መሳቢያው ካልሠራ ደግሞ የሚተነው ናይትሮጅን ለትንፋሽ የሚሆን አየር አያስተርፍም። ማቀዝቀዣው እየጮኸ የመሳቢያውን ዝምታ በምን ትወቀው?

«ማን አጠፋው?»

«እኔ እንጃ ጌታዬ» አለ ቴክኒሻኑ። «ድሮ እናጠፋው ነበር። ይንቀጠቀጣል፤ ክሪስታል ንዝረት አይወድም። ካለፈው ሰኞ ወዲህ ግን ክሪስታሉ ከተቀመጠበት ትሪ ሥር ንዝረቱን የሚውጥ ስፖንጅ አለ። ፕሮፌሰሯ አዘዙ፣ እኔ ቆረጥኩ፣ ሟቿ አነጠፈች።»

«ለአንድ ክሪስታል ይህን ያህል?»

የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «በሰው ሕዋስ ውስጥ ‹እደግ› የሚል መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ነው። ቅርጹን በኤክስሬይ ለማየት መጀመሪያ ክሪስታል መሆን አለበት። አምስት ዓመት ለፍታ ያገኘችው ይቺን አንዷን ነው። የልጇ ሕመም ከዚሁ ፕሮቲን ነው፤ መልእክቱን ማቆም አቅቶታል። ቅርጹ ሲታወቅ መድኃኒት ይገኝለታል ብላ ነበር። ክሪስታሉን በናይትሮጅን ልታቀዘቅዘው ገና ሦስት ቀን ይቀራት ነበር።»

ባሏም እዚያው ላቦራቶሪ ይሠራል፤ ሳምንቱን ግን ሴት ልጁን ሲያስታምም ሆስፒታል ነው የከረመው። ምክንያቱ ሳይነገረው በስልክ ተጠርቶ መጣ።

«ዛሬ በዚህ አልፈው ነበር?»

«አላለፍኩም» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

ከሰዓት በኋላ መርፌ ሦስቱንም በጠባቡ ቢሮ ሰበሰባቸው።

«ሟቿ ደብተሯ ላይ ዛሬ ጠዋት ‹ደርሷል፤ አሁኑኑ› ብላ ጽፋለች። ናይትሮጅን እንደምታስገባ ማንም አላወቀም። ስለዚህ መሳቢያውን ያጠፋው ሰው ሊገድላት አላሰበም፤ ክሪስታሉን ከንዝረት ሊጠብቅ ነው። ስፖንጁን የምታውቁት ሁለታችሁ ደግሞ ማጥፋት አያስፈልጋችሁም። የማያውቀው ሳምንቱን እዚህ ያልነበረው ነው።»

ባልየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ጎህ ሲቀድ ነው የመጣሁት፤ እሷ ሳትገባ። ልጄ ስታቃስት አድራ… ክሪስታሉን ልየው ብዬ። ስወጣ እጄ በልማድ አጠፋው።» ቀና አለ። «ክሪስታሉስ?»

ቴክኒሻኑ ወለሉን እያየ መለሰ። «ክፍሉ ሲሞቅ ሟሟ። በሩ ክፍት ነበር።»

በሩን ያስከፈተው ራሱ መሆኑ ለመርፌ ትዝ አለው። ካቴናውን ከኪሱ ሳያወጣ ቆመ።

«ከልጅቷ ጋር አሁን ማን አለ?»

«ማንም» አለ ባልየው። «እናትሽን ይዤልሽ እመጣለሁ ብያት ነው የወጣሁት።»