ሞቀው ያደሩት ሳህኖች

ዶክተር ይሥሐቅ ከላቦራቶሪው ጠረጴዛ ሥር እንደተጋደሙ ደርቀው ተገኙ። ግንባራቸው ተፈንክቷል። «ቁስሉ ብቻውን አይገድልም ነበር፤ የጨረሳቸው ብርዱ ነው» አለ የመጣው ሐኪም። ወሩ የ1999 ዓ.ም. ኅዳር ነው፤ የመሐል ሜዳ ከተማ ውርጭ ደግሞ ቤት ውስጥም ገብቶ ያድራል።

የበግ ምርምር ጣቢያው ዘበኛ ጋሽ ወዳጆ በካቴና ታስረው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ስድስት ሰዓት ላይ በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ሊጫኑ ነው። ጥፋታቸው? ሌሊቱን ግቢው ውስጥ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ሳምንትም በጎቻቸው በሳንባ በሽታ ሲያልቁ «ክትባት እያላችሁ ከለከላችሁኝ!» ብለው ዶክተሩን ተጣልተዋል። በቃ፣ ይኸው ነው! ለያዧቸው ፖሊሶች ይህ በቂ ነበር።

ለሌላ ጉዳይ ከተማው የነበረችው ኢንስፔክተር ዓለሚቱ ግን መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። መስኮቱን ትነካለች፣ መሳቢያ ትከፍታለች፣ ሰዓቷን ታያለች። አራት ተኩል። አንድ የብረት ሣጥን ከፍታ ሳሌምን ጠራቻት። ሳሌም የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ናት፤ ቀየት በሚባል መንደር ለቅሶ ቤት አድራ መምጣቷ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማሞቂያ ነው። የበሽታውን ጂን ቆርጠን ባክቴሪያ ውስጥ እናስገባለን። ባክቴሪያው ሲራባ ለክትባት የሚሆን ፕሮቲን ይሠራልናል። ለመራባት ግን ሙሉ ሌሊት የሰው ገላ ያህል ሙቀት ይፈልጋል።»

«እነዚህ ሁለት ሳህኖች ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦችስ?»

«እሱ ነው፣ ተራብቶ። ትናንት ዐሥር ሰዓት ላይ ስዘራው ምንም አይታይም ነበር።»

ዓለሚቱ እጇን ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። በረዶ ነው። «መብራት መቼ ጠፋ?»

«ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ወደ ቀየት ልነሳ ስል። ይኸው እስካሁን አልመጣም።»

«እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ?»

ሳሌም አፈረች። «ሳህኖቹን ሆዳችን ላይ አስረን እንተኛለን። ምን እናድርግ፣ ጄነሬተር የለን! ዶክተር ናቸው ያስለመዱን። ትናንት ግን ‹ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው፤ ነገ ጠዋት ይቃጠል› አሉ። አፈወርቅ በጣም ተናደደ።»

አፈወርቅ የዶክተሩ ረዳት ተመራማሪ ነው። ጠዋት ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«ትናንት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ ጋሽ ወዳጆ አይተውኛል» አላት ዓለሚቱ ስትጠይቀው። «እስከ ጠዋት ድረስ ተመልሼ አልረገጥኩትም።»

«ጋሽ ወዳጆ ሳያዩ በበጎቹ ጋጥ በኩል የሚያስገባው በር ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔ፣ ሳሌምና ዶክተር ጋ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዓለሚቱ ሁሉንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ውጭ ሚኒባሱ ክላክስ ያደርጋል፤ ጋሽ ወዳጆ በሰሙት ቁጥር ይደነግጣሉ።

«ሣጥኑ ሌሊቱን በርዶ ነው ያደረው» አለች ከወዲያ ወዲህ እየተመላለሰች። «ባክቴሪያው ግን ተራብቷል። ስለዚህ ሳህኖቹ እዚህ አላደሩም። ማታ አንድ ሰው ወስዷቸዋል፤ እንዳይታወቅበት ደግሞ ጠዋት መልሷቸዋል። ጋሽ ወዳጆ ናቸው እንዳንል፣ እሳቸው ስለ ሳህን ምን ገዷቸው? ሳሌም ቀየት ለቀስተኛ መሃል ነው ያደረችው። አቶ አፈወርቅ፣ እስቲ ሹራብዎን ከፍ ያድርጉት።»

አፈወርቅ አልነቃነቅ አለ። ፖሊሱ ገለጠው። ከእምብርቱ ግራና ቀኝ ሁለት ክብ ቀያይ ምልክቶች አሉ። ወይ ጉድ! ሳሌም አፏን ያዘች።

«ገፋኋቸው እንጂ አልመታኋቸውም!» አለ አፈወርቅ። «መብራት ሲጠፋ ሳህኖቹን ልወስድ በጋጡ በር ገባሁ። ‹እንግዲያው አሁኑኑ› ብለው በረኪና ውስጥ ሊጨምሯቸው ሲሉ ገፋኋቸው፤ ጠረጴዛው መታቸው። የሰው በግ እያለቀ ነው እኮ! የሁለት ዓመት ልፋት ነው! ያቃስቱ ነበር፤ ራሳቸው የሚነሱ መስሎኝ…»

«ያቃስቱ ነበር?» ዓለሚቱ ባለችበት ቆመች። እርስዎ ማለቱም ቀረ። «ሰውዬው እያቃሰቱ በብርድ ትተሃቸው፣ አንተ ባክቴሪያ ስታሞቅ አደርክ?»

የጋሽ ወዳጆ ካቴና ተፈታ፤ ሚኒባሱም ሌላ እስረኛ ሊጭን ነው። ሽማግሌው ግን ነጻ ነዎት ሲባሉ አልሄዱም። አፈወርቅ ፊት መጥተው ቆሙ፤ እንባቸው ይወርዳል።

«ልጄ፣ እኔ እኮ በሩ ላይ ነበርኩ። ብጣላቸውስ ምን አለበት? ጠርተኸኝ ቢሆን ተሸክሜ ሐኪም ቤት አደርሳቸው ነበር።»