ፊት የሌለው ሕፃን

ቁልፉን አዙራ በሩን ገፋ እንዳደረገች ነው የሰማችው። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ሁልጊዜ ዝግ ከሚሆነው ክፍል፣ አንድ ሰው ያንጎራጉራል። ቃል የለውም፤ «እምም… እምም» ብቻ። በመሃሉ ደግሞ እንጨት ይንቋቋል። ቂ…ቅ። ቂ…ቅ።

ጭምቷ አንድ እግሯ ውጭ፣ አንድ እግሯ ውስጥ እንደሆነ ደርቃ ቀረች። ጭምቷ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ግን ከገዛ አባቷ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት እንዲህ ብሎ ነው፣ እሷም ወይ ትላለች። በዚህ ሰዓት ቤት ውስጥ ሰው መኖር አልነበረበትም። እናቷ ላውንደሪ ናት፤ የገፋ ሆዷን ይዛ የሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ነው የምትውለው። አባቷ በልብስ ሰፊነት የሚሠራበት ልብስ ሱቅ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ተጨማሪ ሥራ አለብኝ ብሏል። እሷም ብትሆን የሒሳብ መምህሩ አሞት ባይቀር ኖሮ ገና ክፍል ውስጥ ነበረች።

ሌላ ቤት ቢሆን ሌባ ገባ ብላ ትጮህ ነበር። ግን ሌባ አያንጎራጉርም። ደግሞም እዚህ ቤት አንድ የማይታይ ሰው ከገባ እንደሰነባበተ ጭምቷ ታውቃለች።

ነገሩ የጀመረው እናቷ ማርገዟን የነገረቻቸው ሰሞን ነው። ወላጆቿ ቁጭ ብለው መከሩና፣ ልጁ ሲመጣ በሚኖራቸው ገቢ ብቻ ከአሁኑ መኖር ሊለምዱ ወሰኑ። የተረፈው ባንክ ይገባል። «ያኔ በአንዴ ከምንደነግጥ፣ አሁን ቀስ እያልን እንደንግጥ» አለ አባቷ እንደ ልማዱ እየቀለደ። ቀልዱ ግን ጥርስ አበቀለ። መጀመሪያ የቴሌቪዥኑ ክፍያ ቀረ። ቀጥሎ የኮሪደሩ አምፖል ወለቀ። ቀጥሎ የእሷ የታክሲ ሳንቲም ቆመና በእግሯ መመላለስ ጀመረች። ለምን ስትል መልሱ አንድ ነው፤ «የሱ ነው።» ሥጋው የሱ ነው፣ ሙቅ ውኃው የሱ ነው። ገና ፊቱን ያላሳየ ሰው ቤቱን ከዳር ከዳር እየበላ መጣ። ጭምቷም በልቧ «ያልመጣው» ብላ ስም አወጣችለት። በጨለማው ኮሪደር ስታልፍ ግድግዳውን ተጠግታ ነው፤ ለሰው መንገድ እንደሚለቅ ሰው።

የባሰውን የሰማችው ባለፈው ሳምንት፣ ሳህን እያጠበች ነው። እናቷ ደመወዝ እየተከፈላት በወሊድ ፈቃድ የምትቆይበት ጊዜ ማብቂያ አለው። ላውንደሪው የሕፃናት ማቆያ አለው፣ ግን ራሱን ችሎ መቀመጥ ያልጀመረ ልጅ አይቀበልም። በፈቃዱ ማለቅና በልጁ መቀመጥ መካከል ወራት አሉ። እነዚያን ወራት ማን ይያዘው? የአባቷ መሥሪያ ቤት አባቶች በግማሽ ደመወዝ ፈቃድ መውጣት ይችላሉ ብሎ ደንብ ካወጣ ቆይቷል፤ እስካሁን ግን አንድም ወንድ አልወጣበትም። እናቷ ይህን አንስታ ጠበቀች። አባቷ ወሬውን ወደ ሌላ አዞረ። ያኔ እናቷ በደከመ ድምፅ፣ «እንግዲያው ልጅቷ ለጊዜው የማታ ትማር» አለች።

ጭምቷ የማታ የገቡ ልጆችን ታውቃለች። ሁሉም የገቡት ለጊዜው ብለው ነው።

ዛሬ ደግሞ ሬዲዮ አባሰችባት። ሬዲዮ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ይህ ስም ለምን እንደወጣላት መናገር አያስፈልግም፣ ማጥፊያ የላትም። የሬዲዮ አባት የጭምቷ አባት የሚሠራበት ልብስ ሱቅ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ እሱም ላየው ሰው ሁሉ ቅጽል ስም በመለጠፍ የታወቀ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሬዲዮ ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ቀነሰች። መጋዘኑ ውስጥ የሕፃናት ልብስ የሚያሳዩበት፣ ጨቅላ የሚያህል አሻንጉሊት አለ። ራስ አለው፣ ፊት የለውም፤ ዓይን የለ፣ አፍ የለ፣ ልሙጥ ነጭ። ይህ አሻንጉሊት ረቡዕ ረቡዕ ከመደርደሪያው ይጠፋል። ሐሙስ ጠዋት ቦታው ላይ ይገኛል።

«ተይ ባክሽ፣ ፋራ አታድርጊኝ» አለች ጭምቷ።

«በእናቴ ነው የምልሽ። አባቴ ራሱ ረቡዕ ብቻውን አይገባም። እግር አውጥቷል ነው የሚለው።»

ይህን ብላ መታጠፊያው ላይ ተለየቻት።

አሁን ጭምቷ ኮሪደሩ ውስጥ ናት፤ ዛሬም ረቡዕ ነው። መሮጥ ፈለገች፣ እግሯ ግን ወደፊት ሄደ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። መጋረጃው ተዘግቶ ውስጡ እንደ ወተት ፈዟል። መጀመሪያ ያየችው እሷ ራሷ ያደገችበትን የሚወዛወዝ የሕፃን አልጋ ነው፤ ሰው ሳይነካው ይወዛወዛል። ከዚያ የሰው ጀርባ አየች። ከትከሻው በላይ ደግሞ፣ በእሷው የልጅነት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አንድ ትንሽ ነጭ ራስ ወደ እሷ ዞሯል። ዓይን የለውም፤ ያያታል።

ወደ ኋላ አፈገፈገች። ትከሻዋ በሩን ሲመታው ሰውዬው ዞረ። አባቷ ነው።

«አንቺ… ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«እኔማ ቤቴ ነው። አንተስ?»

አባቷ በድንጋጤ ሊወድቅ ነበር። እጁ ግን ሳያስበው የአሻንጉሊቱን አንገት ደግፎ ይዟል። ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየተመለሰ ነገራት። ረቡዕ ከሰዓት ተጨማሪ ሥራ የለውም፤ የዕረፍት ጊዜው ነው። አሻንጉሊቱን በቦርሳ ደብቆ ያመጣል፣ ክብደት እንዲኖረው ሆዱ ላይ ሩዝ ያስርበታል፣ ከዚያ ያቅፋል፣ ይጠቀልላል፣ ያስተኛል። እሷ ስትወለድ እጥላታለሁ ብሎ ስለፈራ፣ በእግሯ እስክትቆም ድረስ አላቀፋትም ነበር።

«መርፌ ቀዳዳ በጨለማ የሚያገኝ እጅ፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር» አላት። «እንዲህ ሆኜ ምን ብዬ ፈቃድ ልጠይቅ? እጄ ይልመድና እጠይቃለሁ።»

ጭምቷ ጥቅልሉን አየችው። አንድ የላላ ቦታ የለውም። እጁ ከለመደ ቆይቷል፤ ያልለመደው ሌላ ነገር ነው።

«የፈራኸው እጅህን ነው እንዴ፣ አባዬ?»

አባቷ አልጋው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። መጋዘን ኃላፊው ቢሰማ በማግስቱ «ሞግዚቱ» ተብሎ እንደሚውል፣ ሰው ሁሉ ሙድ እንደሚይዝበት፣ ስሙም ጡረታ እስኪወጣ እንደማይለቀው ነገራት። እየሳቀ ለመናገር ሞክሮ ነበር፤ ሳቁ አልመጣም።

«ሹራብሽን እኔ ጋ ረስተሽ…» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

የውጭው በር ክፍት ነበር። ሬዲዮ በጨለማው ኮሪደር ውስጥ ሹራቡን ታቅፋ ቆማለች። ዓይኗ ነጩ ራስ ላይ ተተክሏል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍታለች።

«እሱ ነው» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። «እግር አውጥቶ እናንተ ቤት መጣ።»

ውሸቱ ተዘጋጅቶ፣ ተጠቅልሎ ቀርቧል። ጭምቷ «ዝም በይ፣ ይህ ቤት ጤነኛ አይደለም» ብትል ሬዲዮ እየበረረች ትወጣለች። ነገ ትምህርት ቤቱም ሱቁም የሚያወራው ስለሚሄድ አሻንጉሊት ይሆናል፤ የአባቷን ስም የሚያነሳ አይኖርም። አባቷም በዓይኑ ይህንኑ ተለማመጣት። ግን ጭምቷ የዚያን ውሸት ጫፍ አየችው። በሚመጣው ረቡዕ ቦርሳው እንደገና ይመጣል፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ያልመጣው ሲመጣ አባቷ ገና እየተለማመደ ይሆናል፤ እሷ ደግሞ አመሻሽ ላይ ደብተሯን ይዛ ከቤት ትወጣለች።

ሄዳ አሻንጉሊቱን ከአባቷ ክንድ ተቀበለች። ከብዷል። ከደረቱ የወሰደው ሙቀትም ነበረው፤ ያ ሙቀት ከፊት አልባነቱ ይልቅ አስፈራት።

«እግር የለውም» አለች። «አባዬ ነው ያመጣው። ልጁ ሲወለድ ፈቃድ ወጥቶ ሊይዘው ነው። እየተለማመደ ነው።»

ሬዲዮ ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ… እርስዎ? ልጅ ሊይዙ?»

አባቷ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። የአልጋው እንጨት ተንቋቋ።

«አዎ፣ ልጄ» አለ። ከቤተሰቡ ውጭ ለሆነ ሰው ሲናገረው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሬዲዮ ቀስ ብላ ገባችና ነጩን ግንባር በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። አልነከሳትም። ልያዘው ብላ እጇን ስትዘረጋ የጭምቷ አባት ብድግ አለ። «እንደሱ አይደለም፤ ከአንገቱ በታች ደግፊ። ልጅ እኮ እንደ ጎመን አይያዝም።» ድምፁ ሱቅ ውስጥ ለጀማሪ ሠራተኛ ጨርቅ መቁረጥ ሲያሳይ የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

«ለአባቴ ልንገረው?» አለች ሬዲዮ። ወሬ ለመንገር ፈቃድ ስትጠይቅ ያያት ሰው እስከዛሬ የለም።

 የጭምቷ አባት ከበሩ ጀርባ ጥቁሩን ቦርሳ አንስቶ ዚፑን ከፈተና ለጭምቷ ዘረጋላት። ጭምቷ አሻንጉሊቱን ከሬዲዮ ተቀበለች፣ ቦርሳው ውስጥ ግን አልጨመረችውም።

«ነገ በቦርሳ አትያዘው፣ አባዬ። እንዲሁ እንታቀፈው።»

«መንገድ ላይ ሰው…»

«አብሬህ እሄዳለሁ። መንገዴ ነው።»

ትምህርት ቤቱ በተቃራኒው በኩል እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። አባቷ አያትና፣ የባዶውን ቦርሳ ዚፕ ቀስ አድርጎ ዘጋ።

«አትንገሪው» አላት ሬዲዮን። «ነገ ጠዋት በዓይኑ ያየው የለ።»

ጭምቷ ጥቅልሉን አልጋው ውስጥ አስተኝታ ጓደኛዋን ልትሸኝ ወጣች። ከኋላዋ ማንም ያልነካው አልጋ ቂ…ቅ አለ። ዞራ አላየችም። ኮሪደሩ እንደ ሁልጊዜው ጨለማ ነው፤ ዛሬ ግን ግድግዳውን ሳትጠጋ፣ ከጎኗ አንድ ትንሽ ሰው የሚያስኬድ ቦታ ትታ አለፈች።