የከርነር ወፍ አዳኝ

መምህር ዓለምነህ ሞቶ የተገኘው ከግራና ከተማ ማዶ፣ ማሽላ ማሳ ውስጥ፣ ከሙስዐብ ማማ ሥር ነው። ከራሱ አጠገብ ደም የነካው የወንዝ ድንጋይ ወድቋል። ሙስዐብ ወፍ ጠባቂ ነው፤ ወንጭፍ አለው። ለያዙት ሰዎች ይኸው በቃቸው።

እናቱ አሲያ ከወልድያ በመጣችው በኢንስፔክተር ማህሌት እግር ላይ ወደቀች።

«በአላህ ይዤሻለሁ! ከሱ ሌላ የለኝም፤ ነገ ወህኒ ሊያወርዱብኝ ነው!»

«ይነሱ እናቴ። እግሬን ከያዙት በምን እሄዳለሁ?»

ዓለምነህ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚያሳድደው አንድ ነገር ነበር፤ ወፎቻችን በስማቸው የሚጠሩባቸውን ፈረንጆች ሕይወት። ሩፔል ማን ነበር? ሆይግሊን በየት አለፈ? የመጨረሻው ከርነር ነበር፤ የቢጫዋ ወፍ ባለስም።

«ከርነር ወፏን አላደናትም» አለች ሚስቱ ጥሩወርቅ፣ ዓይኗ አብጦ። «አድኖ የሰጠው የግራና ሰው ነው። ስሙን ባለፈው ወር ያረፉት የአገሩ አዛውንት እማማ ሲቲ ለእሱና አብሮት ለሚሠራው ለዳዊት ብቻ ነገሯቸው።»

«ማን ይባላል?»

«ለእኔም አልነገረኝ። ‹መጀመሪያ መስማት ያለበት ዘሩ ሙስዐብ ነው› ብሎ እሁድ ጠዋት ወጣ። በዚያው ቀረ።»

ማህሌት፣ ስለ ቅድመ አያቱ ማውራት የሚወደውን ተመራማሪ ዳዊትን መርሳ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘችው።

«እሁድ ከመንገድ ዳር ሆኜ አይቼዋለሁ። ሙስዐብ በራሱ ማማ ላይ ቆሞ ደጋግሞ ሲወነጭፍ ነበር። ሳያስበው መትቶት ይሆናል፤ ምስኪን።»

«አዛኝ ነዎት» አለችው።

ወደ ማሳው ተመልሳ የሙስዐብን ማማ ወጣች። ቀጥላ ሸለቆውን ተሻግራ የጎረቤቱን የአለሙን ማማ ወጣች። ወርዳ «ሁሉንም ጥሩልኝ» አለች።

ሙስዐብ በካቴና መጣ። ከራሱ ማማ ሥር ከበው ቆሙ።

«አለሙ፣ እሁድ ማሳህን ማን ጠበቀ?»

«ሙስዐብ ነዋ! ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እኔ ማማ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ስለሚል ሁለቱንም ማሳ ያያል። እሱ ጁምዓ ሲሄድ እኔ እጠብቅለታለሁ። አገር ያወቀው ነው!»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ ተናግሬ ነበር» አለ ሙስዐብ። «ማን ሰማኝ? ማሽላው ደግሞ ሰው ይውጣል፤ ከላይ የሚታየኝ ወፍ ብቻ ነው።»

ማህሌት ወደ ዳዊት ዞረች። አንቱታው ቀረ።

«ወፍ ጠባቂ በድንጋይ አይወነጭፍም፤ እህሉን ይሰብርበታል። የሚወነጭፈው ድቡልቡል ጭቃ ነው። እዚህ ማማ ላይ ያለውን ጭቃ የቅዳሜ ሌሊቱ ዝናብ አሟሙቶ አንድ ጉብታ አድርጎታል፤ ከዚያ ወዲህ ጣት አልነካውም። አዲስ የተድቦለቦለው አለሙ ማማ ላይ ነው። ታዲያ አንተ ከዚህ ላይ ሲወነጭፍ ያየኸው ማንን ነው? ሰው ሁሌ በየራሱ ማማ የሚቆም መስሎህ ዋሸህ፤ በድንጋይ የሚወነጨፍ መስሎህ ድንጋይ ይዘህ መጣህ። የእውነተኛው አዳኝ፣ የሙስዐብ ዘር ስም እንዳይወጣ የሚፈልግ ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ በየስብሰባው ‹አዳኙ የኔ ቅድመ አያት ነው› ሲል የኖረ።»

ዳዊት መሬት መሬት አየ።

«ለመንኩት» አለ። «እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት።»

ካቴናው ከሙስዐብ እጅ ወደ ዳዊት እጅ ዞረ።

«ስሙን ንገረኝ» አለ ሙስዐብ። «የሚያውቅ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።»

የዳዊት ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ተመልሶ ገጠመ።

አሲያ ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀች፤ አሁን የገዳዩ እግር ላይ። «በአላህ ይዤሃለሁ!»

ዳዊት እግሩን አላቅቆ የፖሊስ መኪናው ውስጥ ገባ።

ቢጫዎቹ የከርነር ወፎች ማሽላው ላይ ሰፈሩ። ማንም አላባረራቸውም።