የዳባሶ ፍየል

«ክስህን ባጭሩ ተናገር» አሉ ዳኛ ቢረሳው ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። ፊታቸው የቆመውን ሰው ከባለጉዳዮቹ አንዱ አድርገው ቆጥረውት ነበር።

«ክስ የለኝም። መቶ አለቃ አሸቱ ነኝ፣ ከነገሌ ፖሊስ። ለሟቹ ጉዳይ ነው የመጣሁት።»

ዳኛው ደንግጠው ተነሡ፤ «አንተ» ማለታቸውንም ወዲያው ተዉ። ሟቹ ታስሮ ወደነበረበት ክፍል ሲወስዱት ፍርድ ቤታቸው ትናንሽ ወንጀሎችን በአንድ ችሎት በመዝጋት እንደሚመሰገን ነገሩት።

ሟቹ ዳባሶ የሚባል ከብት አርቢ ነበር። የነጋዴውን የአዳነን ፍየል ሰርቀሃል ተብሎ ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ተፈረደበት። በማግስቱ ጧት ሚስቱ ዲንኪቱ ያመጣችለትን ወተት ጠጥቶ እየተንፈራገጠ ሞተ። ጅብ የሚገደልበት መርዝ ነው፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አረጋግጧል። ዲንኪቱ እጇን ታስራ ግራር ሥር ተቀምጣለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዛሬውኑ ይዘዋት ይሂዱ» አሉ ዳኛው።

አሸቱ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን የወተት ጮጮ አውርዶ አሸተተው። ከዚያ ዘበኛውን ጣዲቻን አነጋገረ። ጠያቂ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ወተቱን ተቀብሎ ያስገባው የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ሥዩም ነበር፤ ጮጮውን ያወጣውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ሥዩም የአዳነ ታናሽ ወንድም መሆኑንም ጣዲቻ ጨምሮ ነገረው።

አሸቱ ሁሉንም ችሎቱ ክፍል ሰበሰበ፤ አዳነንም ከሱቁ አስጠራው። በሥዩም በኩል ለዲንኪቱ አንድ ጥያቄ አቀረበ፦ ባሏ በተከሰሰ ዕለት ለዳኛው ምን ብሎ ነበር?

ሴትዮዋ በኦሮምኛ ብዙ ተናገረች።

«ስርቆቱን አምኗል፤ ስላዋረደኝ ተናድጄበት ነበር ነው የምትለው» አለ ሥዩም።

አሸቱ ወደ እሷ ዞሮ በራሷ ቋንቋ ሰላም አላት። የሥዩም ፊት ዐመድ መሰለ።

«እኔ ያደግሁት እዚሁ ቦረና፣ ሜጋ ነው» አለ አሸቱ። «ያለችው ሌላ ነው። ባሏ ‹ፍየሏ የእኔ ናት፤ ጆሮዋ ላይ የጎሳዬ ምልክት አለ፤ የወሰደብኝ አዳነ ነው› ብሎ ነበር። ዘመዶቹም ይግባኝ ሊሉለት ነገ ይመጣሉ ብላለች። ከመጡ ሥዩም በችሎቱ የተረጎመው ሐሰት ይጋለጣል። ስለዚህ ዳባሶ እስከ ነገ እንዲቆይ አልተፈለገም።»

ጮጮውን ለዳኛው አቀበላቸው።

«ያሽትቱት። ሳሙና ነው። እዚህ አገር የወተት ዕቃ በጭስ ይታጠናል እንጂ በሳሙና አይታጠብም። ዲንኪቱም ጣዲቻም ይህን አይስቱም። መርዙን ያጠበው ይህን የማያውቅ፣ ጮጮውም በእጁ የነበረ ሰው ነው።»

ሥዩም ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አዳነ ወንድሙን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረ።

ዳኛው ዘበኛውን ተመለከቱ። «አንተ በፍርዱ ዕለት እዚሁ ቆመህ ነበር። ቋንቋውን ታውቃለህ። ለምን ዝም አልክ?»

«አልጠየቁኝም፣ ጌታዬ» አለ ጣዲቻ ወለሉን እያየ። «ደግሞ ቶሎ ጨረሱ።»

ቢረሳው በዚህች ከተማ ስድስት ዓመት ኖረው ከሰላምታው ከ«ናጋ» በቀር አንድ የኦሮምኛ ቃል አላወቁም ነበር። የዲንኪቱን ገመድ ራሳቸው ፈቱ። ቀና ብለው ግን ሊያዩዋት አልቻሉም።

ከሰዓት በኋላ ወንድማማቾቹ ታስረው በጭነት መኪና ወደ ነገሌ ተወሰዱ። ዳኛው ደጅ ይጠብቁ የነበሩትን ባለጉዳዮች በሌላ ቀን እንዲመለሱ አሰናበቷቸው። ዲንኪቱ ፍየሏን ከአዳነ ጓሮ ፈትታ ወደ መንደሯ ነዳች። ጮጮውን አልወሰደችም።