የሴቶች አረፋ ቅቤ

«ማንም ቢጠይቅሽ፣ ለአራሷ ለሳሌሃ ሰጠናት ትያለሽ» አለች ዘይባ፣ ባዶውን የቅቤ ማሰሮ ወደ አልጋው ሥር እየገፋች። «አባትሽም ቢሆን።»

ሰልሚያ እናቷ የደበቀችውን ማሰሮ በዓይኗ ተከተለችው። ነገ የሴቶች አረፋ ነው። በቡታጅራ ከወንዶቹ እርድ በፊት ባለው በዚህ ቀን፣ እናቶች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ቅቤ አውጥተው ከቡላ ጋር አተካና የሚባለውን የበዓል ምግብ ይሠራሉ። የዘይባን ቅቤ ግን ሙንታሲር፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሰልሚያ ወንድም፣ ትናንት ሸጦ ጫት ቅሞበታል።

ያ ልጅ እኮ ሌላ ሰው ነበር። የሴቶች አረፋ ሲደርስ በእናቶቹ መሀል ተሸጉጦ «ዛሬ እኔም ሴት ነኝ» እያለ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ይቀማ ነበር። ሴቶቹ እየሳቁ በማማሰያ ያባርሩታል፤ እሱ ደግሞ ለሰልሚያ ደብቆ ያመጣላታል። አሁን እዚያው ቤት ውስጥ ተኝቶ እያለ እሷ ያንን ልጅ ትናፍቃለች።

ጎረቤቱ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ብሎ አለፈው። ዘይባ ግን መላ ያገኘች መስሏት ነበር። «የትም ወድቆ ከሚቅም ዓይኔ ሥር ይቃም» ብላ፣ በየቀኑ ጫቱን ራሷ እየገዛች ፍራሽ አነጠፈችለት፤ ያም አልበቃውም። መርካቶ ለሚነግደው አባቱ ደግሞ «ደህና ነው» እያለች ላከች። ሞባይል በየኪሱ ባልገባበት በዚያ ዘመን፣ ውሸት ከቡታጅራ ተነስቶ ሳይነቃበት መርካቶ ይገባ ነበር። አሁን የመዋሸቱ ተራ የሰልሚያ ሆነ።

ወደ ወንድሟ ክፍል ገባች።

«ሙንታ፣ አባባ ዛሬ ይገባል። አንተው ንገረው።»

«ላሽ በይ ሰልሚ» አለ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። ቆይቶ ግን ድምፁ ወረደ። «ፋዘርን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? እኔም እኮ ደክሞኛል። ሀራራው ሲመጣ እማ እንኳ አትታየኝም።»

ደክሞኛል ሲል ሰምታው አታውቅም። ብትዋሽ እዚሁ ፍራሽ ላይ ይከርማል። እውነቱን ብታወጣ እናቷ በዓመት በዓል በባሏ ፊት ታፍራለች። ሻሿን አስራ ወጣች።

«የት ነው?» አለች ዘይባ።

«አባባን ልቀበል።»

ዘይባ የልጇን ፊት ስታይ ገባት። «ሰልሚዬ፣ ገመናችንን...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። አልከለከለቻትምም።

መናኸሪያው በአረፋ እንግዳ ተጨናንቋል። አባቷ ሸረፋ ከአውቶቡሱ ሁለት ሻንጣ ይዞ ወረደ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የኔ ልጅ። እነሙንታሲር ደህና ናቸው?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አባባ» አለች። ጋሪ ለመጥራት እጁን ሲያነሳ ክንዱን ያዘችው።

«ጋሪው ይቆይ። ስለ ሙንታሲር የምነግርህ አለ። እማን ላትቆጣት መጀመሪያ ቃል ግባልኝ።»

ሸረፋ ሰው እየገፋው ቆሞ ቀረ። ከዚያ አንዱን ሻንጣ መሬት ላይ አጋድሞ እንድትቀመጥ ጠረገላት፤ እሱም በሌላው ላይ ተቀመጠ።